ሁለት ማሽን በአንድ ቁጥር

በሕይወቴ አንድ ሰው አሳስሬያለሁ። ሰውየው ጥፋት አልነበረባቸውም። ያሳሰርኳቸውም በአንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ በራሴ እጅ ጽፌ፣ በራሴ እጅ ፈርሜ። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ልንገራችሁ።

ጊዜው የደርግ መንግሥት ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው፤ ያን ጊዜ ግን ይወድቃል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ስሜ ወይንሸት ይባላል። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ምሥራቅ ጀርመን ተምሬ ከተመለስኩ ሁለት ዓመት አልሞላኝም፤ አዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት የቡና መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ቴክኒሻን ነበርኩ። እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ "ልጄ ኮምፒውተር ናት የምትሠራው" ስትል አፈርኩ ብዬ እቆጣት ነበር እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ኩራቴ ከእሷ ይብስ ነበር።

መሥሪያ ቤታችን አንድ ሰፊ ክፍል የሚሞላ ትልቅ ኮምፒውተር ነበረው። ጅማና አጋሮ ባሉት ቅርንጫፎች ደግሞ ተርሚናል የሚባሉ፣ ጽሑፍ የሚታይበት መስኮትና የፊደል ገበታ ያላቸው ማሽኖች እንዲተከሉ ተወሰነ። በየቀኑ የገባው ቡና እዚያው ተጽፎ በስልክ መስመር ወደ አዲስ አበባ እንዲላክ ነው። መስመሩ አንድ ነው፤ ከአዲስ አበባ ጅማ ይደርስና ከጅማ አጋሮ ይዘልቃል።

የእኔ ሥራ የሁለቱን ወገን ማስተካከያ ማስማማት ነበር። ትልቁ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ስም እንደሚጠራ መምህር ነው። በመስመሩ ላይ ያሉትን ማሽኖች ተራ በተራ በቁጥራቸው ይጠራል፤ የተጠራው ብቻ ይመልሳል፣ ሌላው ዝም ይላል። ስለዚህ አዲስ አበባ የተመዘገበው ቁጥርና ቅርንጫፍ ባለው ማሽን ጀርባ፣ የጥፍር ያህል በሆኑ ማብሪያ ማጥፊያዎች የሚሞላው ቁጥር አንድ መሆን አለባቸው። የጅማው ማሽን ቁጥር ሦስት ነው፤ የአጋሮው አራት።

የጅማውን ማሽን ተከልኩ፤ ሁለት ሳምንት ያለ ችግር ሠራ። ሰኞ ዕለት፣ ጅማ መብራት ጠፍቶ ሳለ፣ አጋሮ ሄድኩ። ደመናው ወርዷል፤ ሾፌራችን መንገዱ ሳይጨቀይ እንመለስ እያለ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቀኛል። ማብሪያዎቹን ሞላሁና አዲስ አበባ ለነበረው የሥራ ባልደረባዬ ለኃይሉ ደወልኩለት።

"መልስ መጣልኝ፤ ደህና ነው" አለኝ።

ቅጹ ላይ "አጋሮ፣ ቁጥር አራት፣ ተፈትኖ ሠርቷል" ብዬ ፈረምኩና ወደ ጅማ ተመለስኩ።

ማክሰኞ ስምንት ሰዓት እንዳለፈ የጅማው መስኮት ላይ ፊደሎቹ ተተራመሱ። ትንሽ ቆይቶ መስመሩ ጭራሽ ጠፋ። አጋሮም አይመልስም። ረቡዕ ጠዋት ምንም ሳልነካው በራሱ ጊዜ ተመለሰ። ረቡዕ ስምንት ሰዓት ላይ እንደገና ጠፋ። ዓርብ ደግሞ ከአዲስ አበባ ከፍተኛ ባለሥልጣናት መጥተው ማሽኖቹ ሲሠሩ ያያሉ ተብሏል።

ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የጅማው ቅርንጫፍ የፓርቲ ተጠሪ ጓድ ታደለ ማሽኑ ያለበት ክፍል ገባ። ረጅም ነው፤ ሲቆጣ ድምፁ የሚቀንስ ዓይነት ሰው። ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁለት ነን፤ እኔና የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛው ጋሽ ነዚፍ። ጋሽ ነዚፍ ሃምሳውን ያለፉ፣ እዚያው ጅማ ሄርማታ መርካቶ ተወልደው ያደጉ፣ ማዞሪያ ላይ ሃያ ዓመት የቆዩ ሰው ናቸው። የእኔ መስመር የሚያልፈው ከማዞሪያቸው ጎን ግድግዳው ላይ በተመታ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ነበር።

"መስመሩ የሚያልፈው በዚህ ነው?" አለኝ ጓድ ታደለ ሳጥኑን እያየ።

"አዎ፣ ጓድ።"

"ጠዋት ጠዋት ይሠራል። ጠዋት እዚህ ማን ይቀመጣል?"

"የጠዋቷ ተረኛ።"

"ከስምንት ሰዓት በኋላስ?"

ጋሽ ነዚፍ የጆሮ ማዳመጫቸውን አወለቁ። "እኔ ነኝ፣ ጓድ። የዚህ ሳምንት የከሰዓት ተረኛ እኔ ነኝ።"

"ትናንትም አንተ፣ ዛሬም አንተ" አለ። በዕድሜ አባቱ የሚሆኑትን ሰው አንተ ይላቸዋል። "ልጅህ የት ነው ያለው?"

"ሱዳን ነው ይላሉ። ከወጣ ሦስት ዓመቱ ነው። ወላሂ አንድ ደብዳቤ አልደረሰኝም።"

ጓድ ታደለ ራሱን ነቀነቀ። "መስመሩ ሲሠራ ሳላይ ከዚህ ክፍል የሚወጣ የለም" አለና በሩን ከውጭ ቆለፈው።

ክፍሉ ድሮ የቡና ናሙና ማስቀመጫ ነበር። አንዲት መስኮት አለችው፤ በብረት የታጠረች፣ የጆንያ መጋዘን ግድግዳ የምታሳይ። ለሽንት ስንወጣ ዘበኛው መሣሪያውን አንግቶ ይከተለናል። እኔ ሳጥኑን ከፍቼ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ፈተሽኩ፤ ሞደም የሚባለውን፣ ኮምፒውተሩን ከስልክ መስመር ጋር የሚያገናኘውን ዕቃ ፈትቼ ገጠምኩ። ምንም የለም። ጋሽ ነዚፍ ጥግ ላይ ጋዜጣ አንጥፈው ሰገዱና ተመልሰው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

"ኢንታላ ኮ" አሉኝ ቆይተው፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "አጋሮ ያለው ማሽን ሳይኖር መስመሩ ደህና ነበር፤ አይደል?"

"ደህና ነበር።"

"እሱም የራሱ ቁጥር አለው?"

"አለው፣ ጋሽ ነዚፍ። ይህ የስልክ ነገር አይደለም" አልኳቸው። እንዲያ ስል ዞር ብዬ እንኳ አላየኋቸውም። እሳቸውም ደግመው አልጠየቁኝም።

በወንበር ላይ አደርን። ሐሙስ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ማታ ማታ የሚዘጋው የአዲስ አበባው ኮምፒውተር ሲከፈት፣ መስመሩ እንደ ልማዱ መጣ። ሦስት ሰዓት ላይ ጓድ ታደለ ንጹሕ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ገባና ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

"ባለሙያ አንቺ ነሽ። ማሽኑ ተበላሽቷል?"

"አልተበላሸም።"

"የአዲስ አበባውስ?"

"ሌሎቹ ቅርንጫፎች በሙሉ ይሠራሉ።"

"መስመሩ ሰዓት ይቆጥራል? ስምንት ሰዓት ሲሆን ልጥፋ ይላል?"

"አይልም።"

"እንግዲያው የሰው እጅ ነው።"

"ይመስላል" አልኩ።

"ይመስላል ብለሽ አትጻፊ። እንግዶቹ ነገ ይመጣሉ። ለከፍተኛ ትምህርት ከቀረቡት ውስጥ ስምሽ አለ፤ አይቼዋለሁ። ያየሽውን ጻፊና እንጨርስ።"

አስገደደኝ ብል ይቀለኝ ነበር። ፈርቼ እንደነበር አልክድም፤ ከዚያ ክፍል መውጣትም ፈልጌ ነበር። ግን እጄን ይዞ አላጻፈኝም። እኔም አምኜ ነበር። ማሽኖቼን አውቃቸዋለሁ፣ ሥራዬን አውቃለሁ፤ ስህተቱ የእኔ ካልሆነ የሌላ ሰው መሆን አለበት። ጋሽ ነዚፍ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ሆነው እስክሪብቶዬ ሲሄድ ያያሉ። ጀርባዬን ሰጥቻቸው ጻፍኩ፦ "በባለሙያነቴ እንዳረጋገጥኩት፣ መስመሩ የተቋረጠው ሆን ተብሎ በሰው እጅ ነው።" ፈረምኩ።

ሁለት ሰዎች መጥተው ቁሙ አሏቸው። ጋሽ ነዚፍ ኮታቸውን ለበሱና "ማዞሪያውን ማን ይይዛል?" ብለው ጠየቁ። ወደ እኔ ዞረው ገመዶቹን በጣታቸው አሳዩኝ። "አጋሮ ይሄ ነው። አዲስ አበባ ይሄ። ስትደውዪ እጀታውን ቀስ አድርገሽ አዙሪ፤ ያረጀ ነው።" ከዚያ ወጡ።

እኔም ልወጣ ተነሳሁ። ጓድ ታደለ በሩ ላይ ቆሞ "አንቺ እስከ ነገ መስመሩን ትጠብቂያለሽ። ዛሬ አስር ሰዓት ላይ መጥቼ አያለሁ" አለኝ። ቁልፉ እንደገና ዞረ።

ያን ጠዋት መስኮቱ ላይ ያሉት ፊደሎች አንድ ጊዜ እንኳ ሳይዛቡ ሠሩ። ምሳ አመጡልኝ፤ በላሁ። ትንሽ ቀለለኝም። ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ምንም አልሆነም። ስምንት ከሩብ ላይ ፊደሎቹ ተተራመሱ። ከዚያ ጠፉ።

ሳጥኑ እንደተዘጋ ነው። ማዞሪያው ላይ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። በሩ ተቆልፏል። ጋሽ ነዚፍ እስር ቤት ናቸው።

በዚያ ቅጽበት የተሰማኝን በቃል ለማስረዳት ሞክሬ አልሆነልኝም። የአዲስ አበባውን ገመድ ሁለት ጊዜ ስቼ በሦስተኛው ሰካሁት። ኃይሉ አነሳ።

"ኃይሉ፣ ሦስት ቁጥርን ስትጠራ ምን ይታይሃል? ያየኸውን ብቻ ንገረኝ።"

"ጫጫታ ነው። ሁለት መልስ አንዱ በአንዱ ላይ የተደረበ ይመስላል።"

"አራት ቁጥርንስ?"

"አራት ቁጥር ምንም የለም። አንድ ቀን መልስ ሰጥቶኝ አያውቅም።"

"ሰኞ መልስ መጣ ብለኸኝ ነበር እኮ።"

"ከመስመሩ መልስ መጣ ነው ያልኩሽ። በየትኛው ቁጥር እንደመጣ አላየሁም። ያን ቀን ጅማ መብራት ስለሌለ ማሽኑ ዝግ ነው ብለሽኝ ነበር፤ ሌላ ማን ሊመልስ ይችላል ብዬ ነው።"

ገመዱን ነቅዬ አጋሮን ደወልኩ። እዚያ ማሽኑን የምትይዘው ወይዘሮ ሶፊያ የምትባል ጸሐፊ ናት።

"ወይዘሮ ሶፊያ፣ ማሽኑን በስንት ሰዓት ነው የሚከፍቱት?"

"ጠዋት ጠዋት ሚዛን ላይ ነኝ፣ እህቴ። ከምሳ መልስ ነው የምከፍተው። ምነው፣ አጠፋሁ?"

"አላጠፉም። እስቲ አሁን ይዝጉት።"

ዘጋችው። የጅማው መስኮት ወዲያው ሕይወት ዘራ። ዓይኔን ከመስኮቱ ሳልነቅል "ጀርባው ላይ ትንንሽ ማብሪያዎች አሉ፤ ከቀኝ በኩል ሲቆጥሩ ወደ ታች የወረዱት ስንተኞቹ ናቸው?" አልኳት። ድምጿ ራቅ አለ፤ ተመለሰች።

"አንደኛውና ሁለተኛው።"

አንደኛው ማብሪያ አንድ፣ ሁለተኛው ሁለት፣ ሦስተኛው አራት ተብሎ ስለሚደመር፣ አንደኛውና ሁለተኛው ሲወርዱ ሦስት ቁጥር ነው። ለአራት መውረድ ያለበት ሦስተኛው ብቻውን ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጅማ ላይ የለመደው እጄ፣ አጋሮም ላይ የጅማን ቁጥር ሞልቷል። ሁለት ማሽን በአንድ ስም ሲጠሩ አብረው ይመልሱ ነበር። የተቆረጠ ነገር አልነበረም። የማንም እጅ አልነበረበትም፤ ከእኔ በቀር።

ወይዘሮ ሶፊያ በነገርኳት መሠረት ሁለቱን ወደ ላይ፣ ሦስተኛውን ወደ ታች አድርጋ ከፈተችው። ኃይሉ ደውሎ "ሁለቱም ገቡ፤ ምን አደረግሽ?" አለኝ። ቆይቼ እነግርሃለሁ ብዬ ዘጋሁት።

ከዚያ ቁጭ ብዬ አስር ሰዓትን ጠበቅኩ። እስከዚያ ድረስ ወጥመድ የሚመስለኝ የተቆለፈው በር ነበር። አሁን ግን ሌላ ነገር ገባኝ። መስመሩ ያን ዕለት ከስምንት ሰዓት በኋላ እንደጠፋ ጅማ ውስጥ ያየ ከእኔ በቀር የለም። ጓድ ታደለ ሲመጣ የሚያየው ሰውየው ከታሰሩ ወዲህ ሁሉም ነገር መስተካከሉን ነው። ጥገናዬ ራሱ የእሳቸው ጥፋት ማስረጃ ሆነ። ዝም ካልኩ ነገ እንግዶቹ ያጨበጭባሉ፣ ትምህርቴን እሄዳለሁ፤ እሳቸው የኢኮኖሚ አሻጥረኛ ተብለው የት እንደሚገቡ አይታወቅም። ከተናገርኩ አሻጥረኛዋ እኔ ነኝ፤ ለዚያውም ሁለት የተለያየ ነገር የፈረመች። እናቴን አሰብኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዝም ልል ወስኜም ነበር። ለሃያ ደቂቃ ያህል ውሳኔዬ ያ ነበር።

ቁልፉ ዞረ። ጓድ ታደለ ገብቶ መስኮቱን አየ።

"አጋሮስ?"

"አጋሮም ገብቷል።"

ከመጣሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲል አየሁት። "ሰውየው ከወጣ ወዲህ ንክች አላለም ማለት ነው። አየሽ?"

"ጠፍቶ ነበር" አልኩ። "ስምንት ከሩብ ላይ ጠፍቶ ነበር። እሳቸው በሌሉበት። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ጓድ። ሰኞ አጋሮ ላይ ቁጥሩን ተሳስቼ ሞላሁ።"

ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ። ከደረት ኪሱ ወረቀቴን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

"ይህን የጻፈው ማን ነው?"

"እኔ።"

"ታዲያ የትኛው ነው እውነቱ? የጠዋቱ ነው የአሁኑ?"

"የአሁኑ። ላሳይዎት እችላለሁ።"

አጋሮ አስደውሎ ወይዘሮ ሶፊያ ቁጥሩን ወደ ሦስት እንድትመልሰው አደረገ። ፊደሎቹ ተተራመሱ። ወደ አራት አስመለሰው፤ ተስተካከሉ። አራት ጊዜ ደጋገመው። በመጨረሻ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ "ስህተት ነው ወይስ አሻጥር?" አለኝ።

"ስህተት ነው።"

"ይህን ማን ያረጋግጥልሻል?"

የማረጋግጠው ባለሙያ እኔ ብቻ ነበርኩ።

በዚያው ቀን፣ ገና ጀምበር ሳትጠልቅ፣ ጋሽ ነዚፍ ያሉበት እስር ቤት ወሰዱኝ። እሳቸው ሲወጡ እኔ ስገባ በሩ ላይ ተገናኘን። ግራ ጆሯቸውን በመሐረብ ይዘውታል። "ጋሽ ነዚፍ" አልኳቸው። አልሰሙኝም፤ ወይም የሰሙኝ አልመሰለኝም። በኋላ እንደተረዳሁት ያ ጆሮ ከዚያ ቀን በኋላ መስማት አቁሟል። በጥፊ ነው የመቷቸው። ከጠዋት እስከ ማታ፣ ወረቀቴ አንድ ሰው ላይ ያደረሰው ይህን ነው።

እኔ አስራ አንድ ቀን ታሰርኩ። አልመቱኝም። እየደጋገሙ ማን ላከሽ ይሉኛል፤ ማንም አልላከኝም እላለሁ። በአምስተኛው ቀን ጋሽ ነዚፍ ምግብ ይዘው መጡ። ከሚስታቸው የተላከ ነው፤ ሳህኑ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ስለወረቀቱ መናገር ጀመርኩ።

"አንብበውልኛል" አሉኝ። "ከፊርማሽ ጋር።"

"ያን ዕለት ስለቁጥሩ ጠይቀውኝ ነበር። ለምን ለጓድ ታደለ አልነገሩትም?"

"አንቺ ያልሰማሽኝን እሱ ይሰማኛል? ደግሞ የስልክ ሰው የማሽኑን ነገር እንዴት አወቀ ቢሉኝስ?" የሳህኑን ጨርቅ ፈቱልኝ። "ይቅር ብያለሁ ልልሽ አስቤ ነበር የመጣሁት። መንገድ ላይ ሳስበው ገና ነው፣ ኢንታላ ኮ። ውሸት አልነግርሽም። ምግቡን ግን ብዪ።"

ተፈታሁ። ስህተት ነው ተብሎ ታመነ፤ ማን እንዳመነልኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ኮምፒውተር እንዳልነካ ተከለከልኩ፣ የትምህርቱ ነገር ቀረ፤ እዚያው ጅማ የጆንያ መጋዘን ተቆጣጣሪ ሆኜ ተመደብኩ። ከአዲስ አበባ የመጣሁት ለሦስት ሳምንት ነበር፤ ጅማ ኖሬ ጅማ አረጀሁ። ትዳር የያዝኩት፣ ልጆች ያሳደግሁት እዚሁ በቾ ቦሬ ሰፈር ነው። መንግሥት ሲለወጥ ወደ ሙያሽ ተመለሺ ያሉኝ ነበሩ፤ አልተመለስኩም።

አንባቢዎቼ፣ ይህን ስታነቡ በመጨረሻ ተናገረች፣ ደፋር ናት ልትሉ ትችላላችሁ። እባካችሁ አትበሉ። መጀመሪያ ፈርሜያለሁ፤ ሃያ ደቂቃ ሙሉም ዝም ልል ወስኜ ነበር። ጓድ ታደለንም ጭራቅ አድርጌ ልስልላችሁ አልፈልግም። ስምንት ሰዓት ላይ የሚጠፋ መስመር አየ፣ ስምንት ሰዓት ላይ የሚገባ ሰው አየ፤ ሁለቱን አገናኘ። ያገናኘው እሱ ቢሆንም ማኅተሙን ያደረግኩበት እኔ ነኝ፤ ያወቅኩ መስሎኝ። ዛሬ ስለ ሰው ምስክርነት ስጡ ስትባሉ፣ በመሥሪያ ቤትም ሆነ በዕድር፣ አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፤ መጀመሪያ የራሳችሁን ሥራ ጀርባውን አዙራችሁ እዩ። እኔ ያን ለማየት የፈጀብኝ አንድ የስልክ ጥሪ ነበር። ግን የደወልኩት ዘግይቼ ነው።

ከተፈታሁ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ የአረፋ ዕለት፣ ጋሽ ነዚፍ ቤታቸው እንድመጣ ሰው ላኩብኝ። እስከዚያ ድረስ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ከመባባል ያለፈ ነገር አልነበረንም። ቤቱ በዘመድና በጎረቤት ሞልቷል። ገብቼ በሩ አጠገብ ልቀመጥ ስል በእጃቸው ጠርተው አጠገባቸው ቦታ አስለቀቁልኝ። አንድ ሽማግሌ እንግዳ "ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?" ብለው ጠየቁ።

"ያሳሰረችኝ ናት" አሉ ጋሽ ነዚፍ።

እኔ አንገቴን ደፋሁ።

"ያስፈታችኝም እሷው ናት" አሉ በዚያው ድምፅ፣ ሥጋውንም ወደ እኔ አቀረቡት። "ቢስሚላህ በሉ፤ ይቀዘቅዛል።"